ለክፍት ምንጭ የካርታ ሶፍትዌር ሥራ የሚሆን የጂፒኤስ መቀበያ አመራረጥ

የካርታ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰውና ካርታ የሚሠራ ሰው ከጂፒኤስ መቀበያ የሚጠብቁት ነገር ይለያያል። ቀያሹ የሚፈልገው ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ከተገኘለት መሣሪያው በውስጡ ምን ሲያሰላ እንደቆየ አያሳስበውም። ፕሮግራመሩ ግን መሣሪያው የሚያወጣውን እያንዳንዱን መስመር ማየት፣ መመዝገብና ያንኑ መዝገብ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ማጫወት ይፈልጋል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የትክክለኝነት ቁጥር ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ደረጃ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መቀበያው የሚያውቀውን ሁሉ ሳይደብቅ ይሰጣል ወይ የሚለው ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንደ ኪውጂአይኤስ፣ ጆስም ወይም ኦስምአንድ ባሉ ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ላይ ለሚሠሩ፣ ማንም ሊያርመው ለሚችለው ነጻ የዓለም ካርታ ለኦፕንስትሪትማፕ መንገድ የሚመዘግብ አነስተኛ መተግበሪያ ለሚጽፉ፣ ወይም የራሳቸውን አዲስ ፕሮግራም ለሚጀምሩ ሰዎች ነው። የሚነጻጸሩት በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ፣ በሽቦ የሚያያዝ ባዶ ሞጁል፣ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ፣ የእጅ ጂፒኤስ፣ የብሉቱዝ መቀበያ እና የሴንቲሜትር ትክክለኝነት የሚሰጠው ባለሁለት ሞገድ መቀበያ ናቸው። ሁሉም እኩል ቦታ አይገባቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ።

መቀበያው የሚያወጣው ጽሑፍ

ከሞላ ጎደል ሁሉም መቀበያዎች የሚያወጡት ኤንኤምኢኤ 0183 በሚባለው ደንብ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ መስመር በዶላር ምልክት ይጀምራል፣ ክፍሎቹ በኮማ ይለያያሉ፣ በመጨረሻም ከኮከብ ምልክት ቀጥሎ መስመሩ ሳይበላሽ መድረሱን ለማረጋገጥ የሚያገለግል ቁጥር ይመጣል። ሲያዩት ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ኮድ በግማሽ ቀን ጽፎ ይጨርሳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ መሃል የቆመ መቀበያ ኬክሮሱን 0901.8000፣ ኬንትሮሱን ደግሞ 03844.4000 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በዚህ አጻጻፍ ከኬክሮሱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ ከኬንትሮሱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ዲግሪ ሲሆኑ የቀረው ደቂቃ ነው። ደቂቃው ለ60 ተካፍሎ ከዲግሪው ጋር ሲደመር 9.03 እና 38.74 ይገኛል። የአሥርዮሽ ነጥቡን ወደ ግራ መግፋት የበቃ መስሎት 9.018 እና 38.444 ብሎ ያነበበ ፕሮግራም ግን ተጠቃሚውን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ወስዶ በሆለታና በአዲስ ዓለም መካከል ያቆመዋል። ከቁጥሮቹ ቀጥለው የሚመጡት የአቅጣጫ ፊደላትም በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚሞከር ፕሮግራም ሁልጊዜ የሚያየው ሰሜንንና ምሥራቅን ስለሆነ፣ የደቡብንና የምዕራብን ፊደል የማያነብ ኮድ ለዓመታት ሳይታወቅበት ሊቆይ ይችላል፤ ናይሮቢ ያለ ሰው የከፈተው ዕለት ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለው ከተማው ወደ ሰሜን ተገልብጦ ይታያል። ፍጥነትም አርኤምሲ በተባለው፣ ቦታን፣ ፍጥነትንና ጊዜን በሚይዘው መስመር ውስጥ የሚጻፈው በኖት ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር መሆኑን የዘነጋ ፕሮግራም የመኪናውን ፍጥነት በግማሽ ገደማ አሳንሶ ያሳያል።

የመስመሮቹ መነሻ ፊደላት ደግሞ መቀበያ ሲገዛ በቀጥታ የሚታሰቡ ናቸው። የአሜሪካውን ጂፒኤስ ብቻ የሚቀበል መሣሪያ መስመሮቹን «ጂፒ» ብሎ ይጀምራል። የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ ወይም የቻይናውን ቤይዱ ከጂፒኤስ ጋር አጣምሮ የሚያሰላ መሣሪያ ግን የቦታውን መስመር «ጂኤን» ብሎ ይጀምረዋል። በአንድ ወቅት የጻፍኩት የመንገድ መመዝገቢያ ፕሮግራም «ጂፒጂጂኤ» (ጂጂኤ የቦታው መስመር ስም ነው) የሚለውን መነሻ ብቻ ይጠብቅ ነበር። በእኔ አሮጌ መቀበያ ላይ ለወራት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ተጠቃሚ ብዙ ሥርዓቶችን በሚቀበል አዲስ መሣሪያ ሲሞክረው ግን ሳተላይቶቹ ሁሉ እየታዩ ካርታው ላይ አንድም ነጥብ አልወጣለትም። ጥፋቱ ከሁለት ፊደላት ያልበለጠ ነበር፤ ነገር ግን በእጄ ባለው መሣሪያ ፈጽሞ ላየው አልችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ሦስት የሳተላይት ሥርዓቶችን በአንድ ጊዜ የማይቀበል መሣሪያ ለልማት ሥራ እንዲገዛ ለማንም አልመክርም።

በዩኤስቢ የሚሰካው መቀበያ

የሚገዛው መቀበያ አንድ ብቻ ከሆነ ምርጫዬ ይህ ነው። ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ብየዳ አይጠይቅም፣ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ወዲያውኑ ጽሑፍ ማውጣት ይጀምራል፣ ለብቻው ባትሪም አያስፈልገውም። በሁለት መልክ ይሸጣል፤ አንደኛው እንደ ፍላሽ ዲስክ በቀጥታ የሚሰካ ሲሆን ሌላው ገመድ ያለው፣ የኮምፒውተር ማውዝ የሚያህልና ብዙ ጊዜ ከሥሩ ማግኔት የተገጠመለት ነው። ከሁለቱ ገመድ ያለውን መምረጥ ይሻላል። ፍላሽ የሚመስለው አንቴናው ከላፕቶፑ ጎን ስለሚውል ከማሽኑ የሚወጣው የኤሌክትሮኒክስ ረብሻ ደካማውን የሳተላይት ምልክት ይሸፍንበታል። ገመድ ያለው ግን መስኮት ደፍ ላይ ወይም መኪና ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሰማዩን በደንብ ያያል፤ ፕሮግራመሩም ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይሠራል።

ከውጭ አንድ ዓይነት የሚመስሉ መሣሪያዎች በውስጣቸው ያለው ቺፕ በጣም ሊለያይ ስለሚችል፣ ሻጩን መጠየቅ ያለብን ስለ ቅርጹ ሳይሆን ስለ ቺፑ ነው። ሲርፍ ስታር 3 የተባለው ቺፕ በጊዜው የተመሰገነ ቢሆንም የሚቀበለው ጂፒኤስን ብቻ ነው። የስዊዘርላንዱ ዩ-ብሎክስ ሰባተኛ ትውልድ ጂፒኤስን ወይም ግሎናስን በተራ እንጂ ሁለቱን በአንድ ላይ አይጠቀምም፤ ኤም8 የሚባለው ትውልድ ግን እስከ ሦስት ሥርዓቶችን በአንድ ጊዜ ያስኬዳል። ለዚህ ሥራ ኤም8 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ትውልድ በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ ገንዘብ የሚወጣበት ምክንያት ካለ ከታች በሚነሳው በሁለተኛው ሞገድ ጉዳይ ነው።

ለክፍት ምንጭ ሥራ ከቺፑ እኩል የሚመዝነው ሰነዱ ነው። ዩ-ብሎክስ ዩቢኤክስ የተባለውን የራሱን የሁለትዮሽ ፕሮቶኮል ዝርዝር መግለጫ ለማንም ክፍት አድርጎ ያወጣል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ሳተላይት የምልክት ጥንካሬ፣ የስህተት ግምቱንና የመሣሪያውን የሥራ ሁኔታ ከጽሑፉ መስመር በላይ በጥልቀት ማንበብ ይቻላል። ፕሮቶኮሉ በምስጢር የተያዘበት መቀበያ ቢረክስም ሊገዛ አይገባም፤ ችግር ሲፈጠር ማንም ሰው ውስጡን አይቶ ሊያግዝ አይችልምና።

በሊኑክስ ላይ መሣሪያው ከሁለት ስሞች በአንዱ ይመጣል። ቺፑ ራሱ ዩኤስቢ የሚናገር ከሆነ በኤሲኤም ስም፣ በመካከል የዩኤስቢ መለወጫ ካለው ደግሞ በቲቲዋይ ዩኤስቢ ስም ይመዘገባል፤ ፕሮግራሙ አንዱን ስም ብቻ እንዲፈልግ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ተጠቃሚው ዲያልአውት የተባለው ቡድን አባል ካልሆነ መሣሪያውን መክፈት አይችልም። አንዳንድ ጊዜም ሞደም ማኔጀር የተባለው አገልግሎት አዲስ የተሰካውን መቀበያ ሞደም መስሎት ትእዛዝ ይልክበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች መስመር የተዛባ ከሆነ ቀድሞ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

መሣሪያውን ከራስ ፕሮግራም በቀጥታ ከማንበብ ይልቅ ጂፒኤስዲ የተባለውን ክፍት ምንጭ አገልግሎት በመካከል ማድረግ ይመረጣል። ጂፒኤስዲ መቀበያውን ብቻውን ይዞ የተተነተነውን መረጃ በ2947 ቁጥር በር በጄሰን መልክ ስለሚያቀርብ፣ አንድ መቀበያ ለኪውጂአይኤስም ለሙከራ ፕሮግራሙም በአንድ ጊዜ ያገለግላል። ከላይ የተጠቀሱትን የአነባበብ ስህተቶችም ብዙ ሰው አስቀድሞ ፈትሿቸዋል።

ባዶ ሞጁል

በኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቆች በትንሽ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የሚሸጠው የዩ-ብሎክስ ኒዮ-6ኤም ከሁሉም ርካሹ ነው። አራት ሽቦ ይበቃዋል፤ ሁለቱ የኃይል፣ ሁለቱ የመላኪያና የመቀበያ። ለአርዱዊኖና ለራስበሪ ፓይ ፕሮጀክት የሚመች ቢሆንም የሚቀበለው ጂፒኤስን ብቻ ስለሆነ ከላይ የተነገረውን መስፈርት አያሟላም። ሞጁል መግዛት የግድ ከሆነ የኤም8ን ትውልድ መፈለግ ይገባል።

ሞጁል ግን በዩኤስቢው የማይገኝ አንድ ትምህርት አለው፤ የመስመሩን ጥበት ያሳያል። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በ9600 ፍጥነት (በሰከንድ 9600 ቢት) ስለሚናገሩ በሰከንድ ማስተላለፍ የሚችሉት 960 ፊደል ያህል ነው። አንድ የኤንኤምኢኤ መስመር እስከ 82 ፊደል ይደርሳል፤ ብዙ ሳተላይት በሚታይበት ሜዳ ደግሞ በአንድ ዙር የሚወጣው ጽሑፍ በአብዛኛው የሳተላይት ዝርዝር ስለሚሆን ከ500 ፊደል በላይ ይሄዳል። ሞጁሉ በሰከንድ 5 ጊዜ እንዲያወጣ ቢታዘዝ መስመሩ አይችለውም፤ ጽሑፉ ይቆረጣል ወይም ነጥቦቹ ከእውነተኛው ጊዜ እየዘገዩ ይሄዳሉ። መፍትሔው ፍጥነቱን ወደ 115200 ማሳደግ ወይም የሳተላይቱን ዝርዝር ማሳነስ ነው። ነገር ግን የተቆረጠ መስመር ሲመጣ ፕሮግራሙ ሳይወድቅ ማለፍ መቻሉን ለማየት ከዚህ የተሻለ መሞከሪያ ስለሌለ፣ እኔ አንዱን ሞጁል ሆን ብዬ በ9600 ላይ ትቼዋለሁ። በሰከንድ አንድ ነጥብ ለእግረኛ ከበቂ በላይ ሲሆን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ግን በሁለት ነጥቦች መካከል 17 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መታጠፊያን በትክክል መሳል ለሚፈልግ ፕሮግራም በሰከንድ 5 ጊዜ የሚለው ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

በሞጁል ገበያ የተቀዳ ዕቃ ብዙ ነው። እኔም ከአንድ ሱቅ የአዲስ ትውልድ ስም የተጻፈበት ሞጁል ገዝቼ፣ ቤት ወስጄ የስሪት መጠየቂያ ትእዛዝ ስልክለት የመለሰው የቀድሞ ትውልድ ቁጥር ነበር። ሌላው ምልክት ማስተካከያውን አለመያዙ ነው፤ ኒዮ-ኤም8ኤን ማስተካከያውን የሚያስቀምጥበት ማኅደረ ትውስታ በውስጡ ሲኖረው፣ በስሙ የሚሸጡ አንዳንድ ቅጂዎች ግን ኃይል ተቋርጦ ትንሿ መጠባበቂያ ባትሪ ስታልቅ ሁሉን ይረሳሉ። ለዚህም ነው ፕሮግራሙ መቀበያውን በከፈተ ቁጥር የሚፈልገውን ማስተካከያ ራሱ ደግሞ ቢልክ የሚሻለው።

ስልክ

የካርታ መተግበሪያ ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ በእጃቸው ያለው ስልክ ስለሆነ ስልክን ከምርጫ ውጭ ማድረግ አይቻልም። ጥያቄው ስልክ ብቻውን ይበቃል ወይ የሚለው ነው፤ መልሴም አይበቃም ነው። ምክንያቱም ስልክ ነጥቡን ለፕሮግራሙ ከማቀበሉ በፊት ብዙ ነገር ያስተካክላል። ሰንጋ ተራ አካባቢ በባንኮቹ ረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ስልክና የዩኤስቢ መቀበያ በአንድ ቦርሳ ይዞ የሄደ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። የሳተላይቱ ምልክት ከመስታወት ግድግዳ እየነጠረ ሲመጣ የዩኤስቢው መቀበያ መስመር ወደ ጎን እየዘለለ ሕንጻ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ ስልኩ ግን ዋይፋይን፣ የስልክ ማማዎችንና የእንቅስቃሴ ዳሳሾችን ደባልቆ ለስላሳ መስመር ይሰጣል። ለስላሳው መስመር የግድ ትክክለኛው መስመር ነው ማለት አይደለም፤ ምን ያህል እንደተስተካከለም ፕሮግራመሩ ማወቅ አይችልም።

በአንድሮይድ ላይ ቦታን ለመጠየቅ ከአንድ በላይ መንገድ አለ፣ ለክፍት ምንጭ ሥራም ምርጫው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከብዙ ምንጭ የተደባለቀውን ቦታ የሚሰጠው የጎግል ፕሌይ አገልግሎት ምንጩ ክፍት ስላልሆነ በእሱ ላይ የተመሠረተ መተግበሪያ ኤፍ-ድሮይድ በተባለው የክፍት ምንጭ ማከፋፈያ ተቀባይነት አያገኝም። የአንድሮይድ የራሱ ሎኬሽን ማኔጀር ግን ከጂፒኤሱ ብቻ የመጣውን ቦታ ይሰጣል፤ የኤንኤምኢኤውን ጽሑፍም ያቀርባል። እንግዲህ በዩኤስቢ መቀበያ የተጻፈው አንባቢ ኮድ እዚህም ሳይባክን ያገለግላል ማለት ነው። በ2016 ከወጣው አንድሮይድ 7 ጀምሮ ደግሞ የእያንዳንዱን ሳተላይት ጥሬ ልኬት ማግኘት ተችሏል። ሁሉም ስልክ ይህን እኩል አይደግፍም፤ ባትሪ ለመቆጠብ መቀበያቸውን በየሰከንዱ መካከል የሚያጠፉ ስልኮች ልኬቱን ይቆራርጡታል። ለዚህ በአበልጻጊ አማራጮች ውስጥ ሙሉ ልኬት እንዲሰጥ የሚያስገድድ ማብሪያ አለ፤ እዚያው ውስጥም የሐሰት ቦታ የሚሰጥ መተግበሪያ ለመምረጥ የሚያስችለው አማራጭ ስለሚገኝ ቤት ተቀምጦ በተመዘገበ መንገድ ላይ መሞከር ይቻላል።

የሙከራ ስልክ ሲመረጥ ውዱን መፈለግ ትክክል አይመስለኝም። በ2018 የወጣው ሻዎሚ ሚ 8 ባለሁለት ሞገድ መቀበያ ይዞ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያሉ ስልኮች ቢበዙም፣ መተግበሪያው መሥራት ያለበት ሰው በሚይዘው ተራ ስልክ ላይ ነው፤ ማኅደረ ትውስታው ጠባብ፣ ባትሪው የደከመና ስክሪኑ ሲጠፋ መተግበሪያውን ከጀርባ የሚዘጋ ስልክ ከሁሉም በላይ ያስተምራል። አይፎን የተሰላውን ቦታ እንጂ የኤንኤምኢኤውን ጽሑፍም ሆነ ጥሬውን ልኬት ለመተግበሪያ አይሰጥም፤ ለመጨረሻ ሙከራ ያስፈልጋል እንጂ ለምርመራ አይሆንም።

የእጅ ጂፒኤስ እና ብሉቱዝ

እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ ያለ የእጅ ጂፒኤስ ለመስክ ሰው ግሩም ዕቃ ነው፤ ውኃ አይፈራም፣ በሁለት ተራ ድንጋይ ባትሪ ለረጅም ሰዓት ይሠራል። ለፕሮግራመር ጥቅሙ አንድ ነው፤ ተጠቃሚዎች የሚያመጧቸውን እውነተኛ የጂፒኤክስ ፋይሎች፣ ማለትም የተመዘገበ መንገድ የሚቀመጥባቸውን ፋይሎች፣ ያወጣል። ፕሮግራሙ ጂፒኤክስ እንዲያነብ ከተፈለገ የአምራቹ ተጨማሪ መለያዎች ያሉበትን፣ ምልክት ጠፍቶ ሲመለስ መንገዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለበትን ፋይል ማንበብ መቻል አለበት። ለዚህ ግን መሣሪያውን መግዛት አያሻም፤ ካለው ሰው ፋይሉን መጠየቅ ይበቃል።

የብሉቱዝ መቀበያ የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ የውጭ መቀበያን ከስልክ ጋር እንዲያገናኝ ታስቦ ከሆነ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በተለመደው ተከታታይ የብሉቱዝ መንገድ ለአንድሮይድ የሚሠራ መሣሪያ ለአይፎን ላይሠራ እንደሚችል ማወቅ ይበጃል። ግንኙነቱ ተቋርጦ ሲመለስ ፕሮግራሙ የሚያደርገውን መፈተሽ ዋናው ሥራ ነው።

ባለሁለት ሞገድ መቀበያ

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ኤል1 በተባለው የ1575.42 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሁሉም፣ በኤል2 በ1227.60 እና አዳዲሶቹ ደግሞ በኤል5 በ1176.45 ሜጋኸርዝ ያስተላልፋሉ። ምልክቱ አዮኖስፌር በተባለው የላይኛው አየር ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ለዝቅተኛው ሞገድ ይበልጣል። ሁለት ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ ሁለቱን መዘግየቶች አወዳድሮ ስህተቱን ሊያስወግድ ይችላል፣ አንድ ሞገድ ብቻ የሚቀበለው ግን በግምት ይመራል።

ይህ ለኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ ትርጉም አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ አዮኖስፌሩ በዚህ አካባቢ ይበልጥ የተናወጠ ነው፤ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት የምልክቱ ጥንካሬ ከፍ ዝቅ እያለ አንዳንድ ሳተላይት ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ጠዋት በደንብ የሠራ ፕሮግራም ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መስመሩ ሲዘባረቅበት ኮዱን ከመወንጀል በፊት ሰዓቱን ማየት ይገባል። ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮፓ ተብለው የተሠሩት ዋስና ኢግኖስ የተባሉት የሳተላይት እርማት አገልግሎቶችም የተዘጋጁት ለእነዚያ ክልሎች ስለሆነ፣ እነሱን እንደ ዋና ጥቅም የሚያስተዋውቅ መቀበያ በእኛ ሰማይ ሥር ያንን አይሰጥም።

በዚህ መደብ በክፍት ምንጭ ሠሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው የዩ-ብሎክስ ዜድኢዲ-ኤፍ9ፒ ነው። አርቲኬ በተባለው ዘዴ፣ ቦታው ከሚታወቅ ቋሚ ጣቢያ እርማት እየተቀበለ የ1 ሴንቲሜትር ትክክለኝነት ይሰጣል፤ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር በየ10 ኪሎ ሜትሩ ሌላ 1 ሴንቲሜትር ይጨመራል። ዋጋው ከዩኤስቢው መቀበያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ሁለቱንም ሞገድ የሚቀበል አንቴናም ለብቻው ይገዛል፣ እርማቱን የሚያመጣ ኢንተርኔት ወይም ሁለተኛ መቀበያ ያስፈልጋል። እርማቱን በኋላ ቢሮ ውስጥ ለማስላት የቶሞጂ ታካሱ አርቲኬሊብ የተባለ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም አለ።

የይዞታ ወሰን፣ የመንገድ ዳር ዕቃ ወይም የግንባታ ልኬት የሚመዘግብ ሶፍትዌር ለማይሠራ ሰው ይህን ወጪ አልመክርም። ለሚሠራው ግን መሣሪያው በኮዱ ውስጥ የተደበቁ ሁለት ነገሮችን ያወጣለታል። የመጀመሪያው የቁጥር አቀማመጥ ነው፤ በአዲስ አበባ ኬንትሮስ ላይ ባለ 32 ቢት አሥርዮሽ ቁጥር ሊለያቸው የሚችላቸው ሁለት ተከታታይ ነጥቦች ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ይራራቃሉ፣ ስለዚህ በሴንቲሜትር የተለካው ቦታ ፋይል ውስጥ ሲገባ ተጠጋግቶ ይጠፋል። ባለ 64 ቢቱን መጠቀም ወይም እንደ ኦፕንስትሪትማፕ ሰባት የአሥርዮሽ አሃዝ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚለኩበት የመነሻ ሥርዓት (ዳተም) ነው፤ ብዙ የቀደሙ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ሥርዓት ሲሆን ጂፒኤስ የሚሰጠው በዓለም አቀፉ ደብልዩጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳይለውጥ የደራረበ ፕሮግራም ከ100 ሜትር በላይ ይስታል፣ ያኔ የሴንቲሜትሩ መቀበያ የሚጠቅመው ነገር የለም። በጂጂኤ መስመር ውስጥ የቦታውን ጥራት የሚናገረውን አሃዝም ለተጠቃሚው ማሳየት ግዴታ ይመስለኛል፤ 1 ተራ ቦታ፣ 4 የተረጋገጠ አርቲኬ፣ 5 ገና ያልረጋ አርቲኬ ነው፤ በ5 እና በ4 መካከል ያለው ልዩነት የሰው አጥር የሚያስፈርስ ሊሆን ይችላል።

መዝገብ መያዝና ቀን

የትኛውም መቀበያ ቢገዛ የመጀመሪያው ሥራ ጥሬ ጽሑፉን ሳይነኩ መመዝገብ ነው። ከጂፒኤስዲ ጋር የሚመጣው ጂፒኤስፌክ የተባለ መሣሪያ የተመዘገበውን ፋይል መቀበያ የተሰካ አስመስሎ መልሶ ያጫውታል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ድልድይ ሥር ያለፈ ጉዞ ለዓመታት ሙከራ ይሆናል። ነገር ግን ክፍት ማከማቻ ላይ የሚጫን መዝገብ የቤትንና የሥራ ቦታን አድራሻ ይዞ እንዳይወጣ የጉዞው መነሻና መድረሻ መቆረጥ አለበት። ይህን በቸልታ የምናልፈው ብዙዎች ነን፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ከታሪኩ ማጥፋት ግን አስቸጋሪ ነው።

አሮጌ መቀበያ በነጻ ቢገኝም ቀኑን መፈተሽ ያስፈልጋል። ጂፒኤስ ሳምንቱን የሚቆጥረው በ10 ቢት ስለሆነ በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህም በነሐሴ 1999 እና በሚያዝያ 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሆኗል። ያልታደሰ መሣሪያ ቦታውን በትክክል እየሰጠ ቀኑን ግን ወደ ኋላ 19 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ሊያሳይ ይችላል፤ ፎቶን ከመንገድ ጋር በሰዓት የሚያዛምድ ፕሮግራም በዚህ ምክንያት አንድም ፎቶ አያገኝም። የጂፒኤስ ሰዓት ራሱ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ18 ሰከንድ ይቀድማል፤ ልዩነቱን የሚያሳውቀው መልእክት እስኪደርሰው ድረስ አዲስ የተከፈተ መቀበያ ጥቂት ሰከንድ ሊሳሳት ይችላል። በፋይል ውስጥ ሁልጊዜ የዓለም አቀፉን ሰዓት ማስቀመጥና የአገር ውስጡን ቀንና ሰዓት ለእይታ ብቻ መቀየር ይገባል።

ዕቃው በተገዛ ዕለት

በእኔ አስተያየት የግዢው ቅደም ተከተል ገመድ ያለው የኤም8 ወይም የአዲስ ትውልድ የዩኤስቢ መቀበያ፣ ከዚያ ያገለገለ ተራ የአንድሮይድ ስልክ፣ ቀጥሎ አንድ ርካሽ ሞጁል ነው። ኤፍ9ፒ የሚመጣው ሥራው ራሱ ሲጠይቀው ነው።

መቀበያው በተገዛ ዕለት፣ ዕቃ የሚመለስበት ጊዜ ሳያልፍ፣ የስሪት ቁጥሩ ተጠይቆ ማሸጊያው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ከዚያ ኃይል ተቋርጦበት ከቆየ በኋላ ከጣሪያ በላይ ወይም ግልጽ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ቦታ ለማግኘት የሚፈጅበት ጊዜ ይለካ፤ ሳተላይቱ የራሱን የጉዞ መረጃ ለመላክ 30 ሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት፣ በግልጽ ሰማይ ሥር ሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ መሣሪያ አንቴናው ያጠራጥራል። በመጨረሻ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይመዝገብና ነጥቦቹ በኪውጂአይኤስ ካርታ ላይ ይበተኑ። ነጥቦቹ በጥቂት ሜትር ውስጥ ከተሰበሰቡ መልካም ነው። ሁሉም በአንዲት ነጥብ ላይ ተደራርበው ምንም ካልተንቀሳቀሱ ግን መሣሪያው ሲቆም ቦታውን የሚያስርበት ማስተካከያ በርቶበታል ማለት ስለሆነ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማስተካከያው መጥፋት አለበት፤ ማጥፊያው በሰነዱ ውስጥ ከሌለ መቀበያውን ወደ ሱቁ መመለስ ይሻላል።